ለራሷ ብታወራ ምን አለበት?

«የ6 ዓመት ልጄ ቃላት ይጠፉባታል፤ ያልኳትም ቶሎ አይገባትም። ስትጫወት ግን ብቻዋን ታወራለች። ጎረቤቶቼ ‹ዝም አሰኚያት› ይሉኛል።» እናት፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። ዝም እንዳታሰኚያት! ከ3 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ ለራሱ ጮክ ብሎ ማውራቱ የተለመደ ነው። የሥነ ልቦናው ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እንደሚለው፣ ከሰው ጋር ያወራነውን መጀመሪያ ጮክ ብለን ለራሳችን እናወራዋለን፤ ኋላ በሆዳችን ማሰቢያ ይሆናል። የቋንቋ እክል ላለባቸው ልጆች ይህ መንገድ ሊረዝም ይችላል። በ8 ወይም በ9 ዓመቷ ለራሷ ብታወራም አትደንግጪ። አደራ፣ ጆሮዋን ግን አስመርምሪላት።

«አንድ ተማሪዬ ንግግር ይከብደዋል። መደመር ከጀመረ መቀነስ ሲመጣም ይደምራል። ለራሱ ማውራት ይረዳዋል?» የ2ኛ ክፍል መምህር፣ ከሐይቅ

ሊረዳው ይችላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ባድሊና ባልደረቦቹ አዋቂዎችን መደመርና መቀነስ እያፈራረቁ አሠሯቸው። አፋቸው ሌላ ቃል በመደጋገም ሲያዝ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የምንዞረው ለራሳችን እየነገርን ነው ማለት ነው።

ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ ጋ ተቀምጬ ነበር። ንግግር የሚቸግረው ልጁ ቁልፍ ይለያል። በቀለም ጨርሶ በትልቅነት ሲጀምር፣ ትልቁን ቀይ ቁልፍ ይዞ እጁ ወደ ቀዮቹ ሄደ። አባትየው አላረመውም። «አሁን በምንድን ነው?» ብቻ አለው። ልጁ ቆም አለ። «በት… በትልቅ» አለ ለራሱ። እጁም ዞረ። አንተም ተማሪህን የመቀነስ ምልክቷን በጣቱ አስነክተህ «ቅነሳ» እንዲል አድርገው። በፈተና ሰዓት ሳይቀር ያንሾካሽክ፤ ጥግ ላይ ብታስቀምጠው ሌላውን አይረብሽም።

«ቤታችን አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል። የልጅ ልጄን ንግግር ያደናቀፈው ይኼ ይሆን?» አያት፣ ከባቲ

የለም አባባ፣ ሁለት ቋንቋ እክሉን አያመጣም። በቀለለው ያውራ። እርስዎም በለመዱት ያጫውቱት።

«ልጁ ለራሱ ማውራት እንዲለምድ ምን ብዬ ልጀምርለት?» አክስት፣ ከወልዲያ

አንቺው ቀድመሽ አውሪ፣ አጭር አጭር አድርገሽ። «ውኃው አለቀ። እሺ፣ ጀሪካኑ የት አለ?» በይ። መልሱን እሱ ይፈልገው።