በፌብሩዋሪ መጨረሻ ካሪቢያን ለመጥለቅ፦ ከወሩ ይልቅ ንፋሱን እዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አንቺና ባለቤትሽ ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖሩት። ኦፕን ዋተር የሚባለውን የጀማሪ ጠላቂ ሰርተፊኬታችሁን ባለፈው ሰመር ይዛችኋል። ዕረፍት ያገኛችሁት በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ መሃል ያለችውን ሳምንት ብቻ ነው። ሁዳዴ ውስጥ ስለሚሆን ጾመኛ ነን ብለሻል። «ኮዙሜል ይሻላል ወይስ ቦኔር? አየሩስ ያበላሽብን ይሆን?» ነው የጠየቅሽው። ከሥር የመለሱልሽ ብዙዎቹ «ካሪቢያን ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው፣ አታስቢ» ብለውሻል። ስለ ሙቀቱ ልክ ናቸው። ለጠላቂ ግን ሳምንቱን የሚወስነው ንፋሱ ነው።

በዚያ ሰሞን እዚያ ሁለት ዓይነት ንፋስ አለ። አንደኛው ከምሥራቅ የሚመጣው ትሬድ ዊንድ ነው። ቀንም ሌሊትም ይነፍሳል፣ አቅጣጫውን እምብዛም አይቀይርም። ስለዚህ የደሴቶቹ ምሥራቅ ጎን ሲናወጥ ምዕራቡ ጸጥ ይላል። የዳይቭ ሱቆችና ጀልባዎች በብዙ ደሴቶች ላይ በምዕራብ በኩል የተደረደሩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከእናንተው ሰፈር የሚነሳው ነው። ከካናዳ ወርዶ ሚኒሶታን ያንቀጠቀጠው ቀዝቃዛ አየር የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ዩካታን፣ ኩባ፣ ካይማንና ሆንዱራስ ድረስ ይዘልቃል። ሜክሲኮዎች «ኖርቴ» ይሉታል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ይመላለሳል። አንዴ ከገባ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቆያል። የሚመጣው ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ጸጥ ያለውን ጎን ነው የሚመታው።

የሜክሲኮዋን ደሴት ኮዙሜልን እንያት። ፓላንካር፣ ሳንታ ሮሳ፣ ኮሎምቢያ፣ ስማቸውን የምትሰሟቸው ሪፎች (የኮራል ድንጋዮች) በሙሉ በምዕራቡ ዳርቻ ናቸው። ኖርቴ ሲገባ የወደቡ ሹም ወደቡን ይዘጋል። አንዳንዴ ለትናንሽ ጀልባዎች ብቻ ይዘጋና ትልልቆቹ ይወጣሉ። ውሳኔው የዳይቭ ሱቁ ስላልሆነ ሱቁን መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም። ማታ ረግቶ ያደረው ባሕር ጠዋት ነጭ አረፋ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ውሃው የባሕር ዳሩን መንገድ እየዘለለ አስፋልቱን ያጥባል። ጀልባዎቹ ማሪናው ውስጥ ታስረው ገመዳቸው ሲያቃስት ይሰማል። በቲሸርት የወጣው ሰው ሁሉ ጃኬት ፍለጋ ይመለሳል። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ልትወጣ ትችላለች፤ ወደቡ ግን እንደተዘጋ ነው። ለሁለት ሳምንት የሄደ ሰው ይህን ይችለዋል። ስድስት ቀን ብቻ ይዛችሁ ሦስቱ እንዲህ ቢያልፉ ምን ይውጣችሁ?

ኮዙሜልን እያጣጣልኩ አይደለም። በዚያ ሰሞን ነጠብጣብ ያላቸው ኢግል ሬይ የሚባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች በሰሜኑ በኩል ይሰበሰባሉ። ፕላያ ዴል ካርመን ፊት ለፊት ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች እርጉዝ ቡል ሻርኮች ይመጣሉ። ሁለቱም ግን ከረንቱን (የውሃውን ፍሰት) የለመደ፣ ጥልቀቱን የሚችል ጠላቂ ይፈልጋሉ። ለእናንተ ትንሽ ይቆይ። ኮዙሜል ላይ የምትጠልቁት በአብዛኛው ከረንቱ እየወሰዳችሁ ነው። ስለዚህ ከሄዳችሁ ጋይዱን ቀለል ያሉትን፣ ለምሳሌ ዩካብን ወይም ፓላንካር ጋርደንስን ጠይቁት።

«ወደቡ ከተዘጋ ሴኖቴ ይገባል» ያለሽ ወንድማችን ጥሩ ሐሳብ ነው ያመጣው። ሴኖቴዎቹ መሬት ውስጥ ያሉ የጣፋጭ ውሃ ጉድጓዶች ስለሆኑ ንፋስ አይነካቸውም። ውሃቸው ዓመቱን ሙሉ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነገር ግን ያሉት ዋናው ምድር ላይ፣ በቱሉምና በፕላያ በኩል ነው። ንፋሱ ሲበረታ ከኮዙሜል የሚያሻግረው ፌሪም ሊቆም ይችላል። በሴኖቴ የምትተማመኑ ከሆነ ማደሪያችሁን ፕላያ አድርጉ እንጂ ደሴቱ ላይ አትያዙ።

ለእናንተ ሳምንት እኔ ቦኔርን ነው የምመርጠው። ቦኔር ከቬኔዙዌላ አፍንጫ ሥር፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው። ቀዝቃዛው አየር እዚያ ሳይደርስ ይሞታል። ትሬድ ዊንዱ ግን በዚያ ሰሞን ይበረታል። በምሥራቁ ጎን ላክ ቤይ ላይ ዊንድሰርፍ የሚጫወቱት ደስ ይላቸዋል፣ እናንተ ግን ምዕራቡ ጎን ላይ ናችሁ። አልፎ አልፎ ከሰሜን አትላንቲክ ማዕበል የተነሳ ሞገድ መጥቶ የባሕር ዳር መግቢያዎቹን ያስቸግራል። ያኔ መኪናችሁን አስነስታችሁ ረጋ ያለ ቦታ ትፈልጋላችሁ፤ ቀኑ አይባክንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያውን ትከፍላላችሁ። ከዚያ ገለጻ ሰምታችሁ የሙከራ ዳይቭ ታደርጋላችሁ። ፒክአፕ ተከራይታችሁ የአየር ታንኮቹን ከኋላ ትጭናላችሁ። ቦታዎቹ ስማቸው በተጻፈባቸው ቢጫ ድንጋዮች በመንገዱ ዳር ምልክት ተደርጎባቸዋል። ድንጋዩ ጋ ታቆሙና መኪናው ጀርባ ላይ ትታጠቃላችሁ። ፊኑን (የእግር መቅዘፊያውን) በአንድ እጅ፣ ባለቤትሽን በሌላው እጅ ይዘሽ በተሰባበረው ኮራል ላይ ቀስ እያላችሁ ትገባላችሁ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ቡትስ እዚህ ጋ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ውሃው ወገባችሁ ሲደርስ በአየር የሚነፋውን የዳይቭ ጃኬት ነፍታችሁ ፊኑን ታጠልቃላችሁ። ጥቂት ዋኝታችሁ 10 ሜትር አካባቢ ላይ ቁልቁለቱ ይጀምራል። መኪናው ውስጥ ግን ምንም አትተዉ፣ በሩንም አትቆልፉ። ሌቦች የተቆለፈ መኪና ካዩ መስታወት ይሰብራሉ።

ሶልት ፒርን (የጨው መጫኛውን የመርከብ ማቆሚያ) እንዳትዘሉት። ጥልቀት የለውም፣ ምሰሶዎቹ በስፖንጅና በዓሣ የተሸፈኑ ናቸው። የጨው መርከብ ቆሞ ከሆነ ግን መግባት ክልክል ነው። ሂልማ ሁከር የምትባለው የሰመጠች መርከብ 30 ሜትር ላይ ስለተኛች ሰርተፊኬታችሁ ከሚፈቅደው ጥልቀት በላይ ናት። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ ዕቃችሁን በደንብ እጠቡ። ከ2023 ጀምሮ ኮራሉን የሚገድል በሽታ ደሴቷ ላይ ገብቷል፤ ይህን ልለምናችሁ።

የጾሙ ነገርም ወደ ቦኔር ያደላል። ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ የዲኮምፕሬሽን ሕመም (ጠላቂ ወደ ላይ ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ በሚፈጠር የጋዝ አረፋ የሚመጣው) አደጋ ይጨምራል ተብሎ ይታመናል። ጀልባዎች ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚወጡት፤ ቦኔር ላይ ግን ሰዓቱ የእናንተ ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ጾማችሁን ፈትታችሁ፣ ውሃውን በደንብ ጠጥታችሁ፣ አረፍ ብላችሁ ለመግባት ጊዜ አላችሁ። ከቻላችሁ ግን ከጉዞው በፊት የነፍስ አባታችሁን አነጋግሩ። ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ያዙና ሽሮውን ይዛችሁ ሂዱ።

ካይማንንና የሆንዱራሷን ደሴት ሮአታንን ለጠቆሙሽም መልሴ አጭር ነው፤ ክፉ አይደሉም። ኖርቴ ሲመጣ ጀልባዎቹ ወደ ደቡቡ ጎን ስለሚዞሩ ብዙ ጊዜ ቀኑ ይተርፋል። ባሃማስን ግን ለዚህ ጉዞ አልመክርም፤ በፌብሩዋሪ ውሃው ይቀዘቅዛል።

ቦኔርም ኮዙሜልም በዚያ ሰሞን ውሃው 26 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዋና ይሞቃል። ሦስተኛው ዳይቭ ላይ ግን፣ እርጥብ ዌትሱት (የጠላቂ ልብስ) ለብሰሽ ንፋሱ ላይ አንድ ሰዓት ከተቀመጥሽ በኋላ፣ ጥርስ ያንገጫግጫል። አንቺ ብርድ አልችልም ብለሻል፣ ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ዌትሱት ልበሺ። ንፋስ የማያስገባ ጃኬትም ያዢ።

ትንበያ ስታዩ የዝናቧን ምልክት እርሷት፤ ሞቃት አገር ላይ ሁልጊዜ አለች። ዊንዲ የሚባለው የአየር ትንበያ አፕ ላይ የንፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት ተመልከቱ። ከአምስት ቀን በላይ ያለውን ብዙም አትመኑት። ዳይቮቻችሁን ወደ ሳምንቱ መጀመሪያ አድርጓቸው። ከመጨረሻው ዳይቭ እስከ በረራው ቢያንስ 18 ሰዓት ይለፍ፤ እኔ ሙሉ ቀን ነው የምተወው።

ማርች የስፕሪንግ ብሬክ (የአሜሪካ ተማሪዎች ዕረፍት) ወቅት ስለሆነ ፒክአፕ ቶሎ ያልቃል፤ ከቲኬቱ ጋር አብራችሁ ያዙ። ወደ ቦኔር ከአትላንታ፣ ከሂውስተን፣ ከኒውዋርክና ከማያሚ በረራ አለ። ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ሆኖ ግሪን ካርድ ካላችሁ ሜክሲኮ ቪዛ አትጠይቅም። ለቦኔር ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኔዘርላንድስን ቆንስላ ጠይቁ።