የትምህርት ቤት ወሰን ሲቀየር፦ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ

ጋሽ ፍቅሩ፦ እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት ሲጣበብ ወይም አዲስ ሲከፈት፣ የትኛው ሰፈር የት ይማር የሚለው ካርታ እንደገና ይሠራል። አንዳንድ ዲስትሪክቶች (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት) በዚያው የድሃና የደህና ኑሮ ልጆችን ለማመጣጠን ይሞክራሉ። እንዲህ ባለ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ጠይቁኝ። ግን የካርታውን ቀለም ትታችሁ ከሥሩ ያለውን ሰንጠረዥ አንብባችሁ ኑ።

ሳምሪ፦ ጋሽ ፍቅሩ፣ ልጁ ድሃ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ጋሽ ፍቅሩ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር! በምሳ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እስከ 130 በመቶ ከሆነ ምሳ በነፃ፣ እስከ 185 ከሆነ በቅናሽ። ዲስትሪክቱ እነዚህን ልጆች ይቆጥራል። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሕግ ድህነት የበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የገቢ ፎርም ሳያስሞሉ ሁሉንም ልጅ በነፃ ማብላት ይችላሉ። ለልጆቹ እሰየው፤ ለቆጣሪው ግን መዓት ነው። የሐኪሙም የፅዳት ሠራተኛዋም ልጅ እኩል «ነፃ ምሳ» ይባላሉ። ስለዚህ «ቁጥሩ የመጣው ከፎርም ነው ከምግብ እርዳታ መዝገብ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ሰው ደግሞ ፎርም ባለበትም ይሉኝታ ይዞት አይሞላም። ካርታው ላይ ሀብታም ሆነን ቁጭ! በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ ይሻላል፤ ትንንሽ የሰፈር ብሎኮችን ወስዶ ገቢን፣ የወላጅ ትምህርትንና የዘር ስብጥርን ያያል።

የመንታ እናት፦ ነገሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ጋሽ ፍቅሩ፦ ለማን? የትኛው ካርታ? ሰንጠረዡን አይተሽ ተመለሺ።

ዮኒ፦ በዘር ለምን አያመጣጥኑም?

ጋሽ ፍቅሩ፦ እ.ኤ.አ. 2007፣ የሲያትልና የሉዊቪል ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በዳኞች ድምፅ 5 ለ 4። እያንዳንዱን ልጅ በዘሩ ለይቶ መመደብ ቀረ። ጠበቃ አይደለሁም።

ቤቲ፦ ስንት ልጅ ቢዛወር ነው ለውጡ የሚታየው?

ጋሽ ፍቅሩ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት 600 ልጆች አሉት እንበል፤ 360ው ነፃ ምሳ፣ 60 በመቶ። ጎረቤቱ 500 አለው፤ 75ቱ ነፃ ምሳ፣ 15 በመቶ። ከመጀመሪያው አንድ የአፓርታማ ግቢ ከነ100 ልጆቹ ይሂድ፤ 80ው ነፃ ምሳ ናቸው። በምትኩ 100 ይምጡ፤ ነፃ ምሳ 10 ብቻ። አሁን 48 እና 29 በመቶ ሆነ። አንድ ግቢ ነው የተነካው! ግን ሁሌ የሚነሳው ያው ግቢ እንዳይሆን እዩ።

ኪያ፦ እኔ ቤት የገዛሁት ለትምህርት ቤቱ ብዬ ነው።

ዮኒ፦ ቤቱን እንጂ ትምህርት ቤቱን አልገዛህም።

ኪያ፦ ልጅህ አውቶቡስ ላይ 50 ደቂቃ ሲቀመጥ እናይሃለን።

ዮኒ፦ የኔ አሁንም ይቀመጣል። አፓርታማ ነው የምንኖረው።

ጋሽ ፍቅሩ፦ ተዉ እንጂ! የቤት ዋጋ ሪልተር (የቤት ደላላ) ጠይቁ። የርቀቱ ቅሬታ ግን ቀልድ አይደለም። ዌክ ካውንቲ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በ2000 ነፃና ቅናሽ ምሳ የሚበሉ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ከ40 በመቶ እንዳይበልጡ ግብ አወጣ። የአውቶቡሱ ርቀትና የልጆች መዘዋወር ወላጁን አማረረው። በ2009 ምርጫ የትምህርት ቦርዱ አብላጫ ተገለበጠ፤ በ2010 ፖሊሲውን ጣሉት።

አበባ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ድሃ የሆነውን በምን ነው የሚለዩት?

ጋሽ ፍቅሩ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አለ። የምሳውን ፎርም ሞልተሻል?

አበባ፦ አልሞላሁም። ልጄ ምሳ ከቤት ነው የምትይዘው።

ጋሽ ፍቅሩ፦ እንግዲያው አልተቆጠረችም። ነገ ሙዪው።