ካንሰርን በሌላ በር መግደል፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ኬሞቴራፒ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ፌሮፕቶሲስ ስለሚባለው ሌላ የሕዋስ አሟሟት የጠየቃችሁኝን አምስቱን ልመልስ።

ሕዋስ ራሱን የሚያጠፋበት አፖፕቶሲስ እያለ ሌላ መንገድ ለምን አስፈለገ?

ካንሰሩ በሩን ስለሚዘጋው ነዋ! ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ሕዋሱን ጎድተው ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፉታል። ካንሰር ግን ፒ53 የተባለውን ዘበኛ ያበላሻል፣ ሞትን የሚከለክለውን ቢሲኤል2 የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ያበዛል። ትእዛዙ ይደርሳል፣ የሚሰማ የለም። ሌሎች በሮች አሉ፤ እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ፌሮፕቶሲስ ነው። ስሙ የወጣለት በ2012 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በብሬንት ስቶክዌል ቤተ ሙከራ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚገድለው?

ብዙ የቆየ ዘይት ሽታው ሲለወጥ አስተውላችኋል? የሕዋስ ሽፋንም ስብ ነው። ብረት ባለበት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እንደዚያው ይበላሽና ሽፋኑ ይቀደዳል። ጂፒኤክስ4 የሚባል ኢንዛይም ቀን ከሌት ይጠግነዋል፤ መጠገኛው ግሉታቲዮን ነው። ኢንዛይሙን ያዙት ወይም ግሉታቲዮኑን አስርቡት፣ ሕዋሱ አለቀለት።

የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ሞለኪውሉን እንዴት ነው የሚነድፉት?

መጀመሪያ ንድፍ አልነበረም። በ2003 ከ23 ሺህ በላይ ውህዶች ሲፈተሹ ኢራስቲን ተገኘ፤ የግሉታቲዮን ጥሬ ዕቃ የሆነው ሲስቲን ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ እንደሚያግድ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። አርኤስኤል3 የሚባለው ሌላ ውህድ ደግሞ ጂፒኤክስ4ን በቀጥታ ይይዛል። ጫፉ ላይ ክሎሪን አለ፤ የኢንዛይሙን ሴሊኒየም ሲያገኝ ክሎሪኑን ጥሎ እንደ ንክሻ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ችግሩ ሌላ ፕሮቲንም መንከሱ ነው፣ ሰውነት ውስጥም ብዙ አይቆይም። ኢንዛይሙ ላይ ደግሞ ሞለኪውል የሚሸጎጥበት ጥልቅ ጎድጓዳ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ያለ ንክሻ መያዝ ይከብዳል። ኤምኤል210 የሚባለውን ተመልከት፦ ውጭ ላይ ዝም ይላል፣ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከተለወጠ በኋላ ነው የሚነክሰው። አንተም ኬሚስትሪ የምትወድ ከሆነ እዚህ ብዙ ሥራ ይጠብቅሃል።

እናቴ ካንሰር እየታከመች ነው። የብረት እንክብል ልስጣት? ቫይታሚን ኢስ ላስቁማት?

እህቴ፣ በራስሽ አታድርጊው! የሚዋጥ ብረት ዕጢውን መርጦ አይገድልም፤ እንዲያውም ካንሰር ለማደግ ብረት ይፈልጋል። ቫይታሚን ኢ ፌሮፕቶሲስን የሚያግደው እውነት ነው፣ ግን ይህ የታየው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ተነስተን ለእናትሽ መወሰን አንችልም። የምትወስደውን ሁሉ፣ ቅጠላ ቅጠሉንም ጭምር፣ ለሐኪሟ ንገሪ። እግዜር ይማርልሽ።

መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?

ፌሮፕቶሲስን ለመቀስቀስ ተብሎ ተነድፎ የጸደቀ የካንሰር መድኃኒት ገና የለም። መግደሉ ሳይሆን መምረጡ ነው ያስቸገረው፤ ጂፒኤክስ4 ለጤነኛ ሕዋስም ያስፈልጋል። በ2014 በወጣ ጥናት ኢንዛይሙን ያጡ አዋቂ አይጦች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞተዋል። በ2019 ደግሞ ኤፍኤስፒ1 የሚባል ሁለተኛ ጠባቂ ተገኘ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይሸፍንለታል። እኔ ግን ተስፋ አልቆርጥም፤ በ2017 እንደታየው ከሌላ ሕክምና ተርፈው የሚቀሩት፣ በኋላ በሽታውን የሚመልሱት ሕዋሶች ናቸው ከሌሎች ይበልጥ ያለ ጂፒኤክስ4 መኖር የሚያቅታቸው።