ከመሰናክል ወደ ማራቶን ልቀይር ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 23 ዓመቴ ነው። 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነው የምሮጠው፤ ግን ሰዓቴ አልሻሻል አለኝ። አሰልጣኜ ወደ ማራቶን ቀይር ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ «ትራኩ ሲያቅተው አስፋልት ላይ ወጣ» እያሉ ሞራሌን ይነኩታል። ደሴ ያሉት አጎቴ ግን መሰናክል ሲሮጥ ቆይቶ እንደ አበበ ቢቂላ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ጀርመናዊ አለ አሉኝ። እውነት ነው? ሰውየውስ ማነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትህ ልክ ናቸው። ሰውየው ቫልደማር ሲርፒንስኪ ይባላል፤ ለምሥራቅ ጀርመን ነበር የሚሮጠው። እንዳንተው የመሰናክል ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር፣ ግን ከዓለም ምርጦች ተርታ አልገባም። በ1974 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠ፤ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ፈጀበት። ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። ያን ሰዓት አይቶ «ይሄ ልጅ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ይሆናል» የሚል ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለ1976ቱ ኦሎምፒክ ሞንትሪያል ደረሰ። ቀኑ ዝናባማ ነበር። የሁሉም ዓይን በ1972 ባሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ላይ ነው። ሾርተር እየደጋገመ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይቀራሉ፣ አንድ ሰው ብቻ አልላቀቅ ይለዋል። ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀም፤ ፖርቹጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ መስሎት ነበር። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ያ «የማይታወቅ» ሰው ጥሎት ሄደ። የሚገርመው፣ ሲርፒንስኪ ስታዲየም ገብቶ መስመሩን ካለፈ በኋላም አልቆመም፤ የዙር መቁጠሪያውን አይቶ ገና አንድ ዙር የቀረው ስለመሰለው ሩጫውን ቀጠለ፣ ዞሮ ሲመጣ ሾርተር ጨርሶ እንኳን ደስ አለህ ሊለው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰዓቱ 2:09:55 ነበር። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያስመዘገበው 2:12:11 የኦሎምፒክ ሪከርድ የተሰበረው ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን አጎትህም እንደሚያስታውሱት እርግጠኛ ነኝ። ሞንትሪያል ላይ የእኛ ልጆች አልሮጡም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወዳለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከኦሎምፒኩ ወጡ፣ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር በደህና ጊዜው የቀረበት ኦሎምፒክ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ በ5 እና በ10 ሺህ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ፣ ሲርፒንስኪ ማራቶኑን በ2:11:03 ደገመው። ኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ሆነ። ሦስተኛው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነው፣ እሱ እስኪመጣ 40 ዓመት አለፈ።

በ1983 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ላይ ሲካሄድ ደግሞ የኛው ከበደ ባልቻ ብር ወሰደ፣ ሲርፒንስኪ በ10 ሴኮንድ ተቀድሞ ነሐስ አገኘ። የባለ ሁለት ወርቁን ሰውዬ የቀደመ ልጅ ነበረን፤ ስሙ ግን በሚገባው ልክ አይነሳም። በቀጣዩ ዓመት ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለቱም አልነበሩም፤ ምሥራቅ ጀርመንም ኢትዮጵያም ኦሎምፒኩን አልተካፈሉም።

ይህን ካልነገርኩህ ግን ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለአትሌቶቹ አበረታች መድኃኒት ይሰጥ እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶች ወጡ። የሲርፒንስኪም ስም እዚያ ውስጥ አለ። በምርመራ ተይዞ አያውቅም፣ ሜዳሊያዎቹም አልተነጠቁም። እኔ እሱንና አበበን እኩል አድርጌ ማየት ይከብደኛል፣ በግልጽ ልንገርህ።

ወደ አንተ ልመለስ። ርቀት መቀየር ሽንፈት አይደለም፤ ይሄን ለጓደኞችህ ንገራቸው። ግን ስለተባልክ ብቻ አትቀይር። ረጅም ልምምድ ስትሠራ መጨረሻው ላይ ነው የምትጠነክረው ወይስ የምትወድቀው? አሰልጣኝህ ይሄን አይቶ ከሆነ ማራቶን ቀይር ያለህ፣ ስማው። መጀመሪያ ግማሽ ማራቶን ሞክር። ማራቶን እንደ ትራክ በየሳምንቱ የሚሮጥ አይደለም፤ በዓመት ሁለት ከሮጥክ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ለአንዱ ውድድር ወራት ትዘጋጃለህ፣ ካልተሳካልህም ቶሎ አትደግመውም። አቀማመጥህ ደግሞ የታደለ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ነው፣ ደሴ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ፣ በመሃል የሐረጎ ዳገት አለ። ፈጣኑን ሥራ ታች ሥራው፣ ረጅሙን ደሴ አጎትህ ጋ አድረህ በጠዋት ውጣ። የሐረጎን ቁልቁለት ግን እየተንደረደርክ አትውረደው፣ ጉልበትህንም ጭንህንም ይጎዳብሃል፤ ለመኪናውም ተጠንቀቅ፣ መታጠፊያው ብዙ ነው። ለመውረዱ ታክሲ ያዝ።