ለሁሉም ጉልበት የሚሆን የእግር ጉዞ በባሕር ዳር ዙሪያ

ጥያቄ፦ በጥቅምት ወር አጋማሽ እኅቴ ከ6 ዓመት ሴት ልጇ ጋር ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ፣ መላው ቤተሰብ አንድ ቀን በእግር ጉዞ ብናሳልፍ ብለን ተማክረናል። የሚያስቸግረን የአቅማችን መለያየት ነው። አባታችን 70 ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ በየማለዳው የሚሮጠው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ጉና ካልወጣን ጉዞ አይባልም» ይላል። እኔ ዘጌን ወይም ጢስ ዓባይን አስቤ ነበር። የትኛው ይሻላል ይላሉ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አቅማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲወጡ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው መካከለኛ የሚባል መንገድ ነው፤ እንዲህ ያለው መንገድ ግን ለአባትዎ ይከብዳል፣ ለወንድምዎ ይቀላል፣ ሁለቱንም ሳያስደስት ይቀራል። የሚሻለው ሁለት መንገድ ኖሮት መንገደኞቹ አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙበትን ስፍራ መምረጥ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጢስ ዓባይ ለዚህ የተመቸ ነው።

አንደኛው መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውንና በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ከሚያሳየው ከፍታ ካደረሰ በኋላ፣ በተንጠልጣይ ድልድይ በኩል ወደ ፏፏቴው ግርጌ ይወስዳል። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ያሻግርና በአብዛኛው ሜዳ በሆነ አጭር መንገድ እዚያው ያደርሳል። ስለዚህ ወንድምዎና ብርቱዎቹ በድልድዩ፣ አባትዎ፣ እኅትዎና ሕፃኗ በጀልባው ይሂዱ፤ ፏፏቴው ዘንድ ተገናኝታችሁ ምሳችሁን ከበላችሁ በኋላ ሁላችሁም በጀልባው ተመለሱ። በድልድዩ በኩል መመለስ ለአባትዎ አይመከርም፤ የሚያም ጉልበት ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ ቁልቁል መውረድ ይበልጥ ይጎዳዋልና።

ጊዜውን ለማስላት፣ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ዛሬም ይሠራበታል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጤነኛ ጎልማሳ የተሰላ ነው፤ ለአባትዎና በየቁጥቋጦው ሥር ለምትቆመው ሕፃን እጥፉን መያዝ ይገባል።

የመረጣችሁት ወር መልካም ነው። በበጋ ወራት ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይቀጥናል፤ በጥቅምት ግን ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሙላቱ ብዙ አይጎድልም። ሙላቱ በበዛ ቁጥር የጀልባው መሻገሪያ ሊቆም ስለሚችል፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ጀልባውም ሆነ ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ፏፏቴው አጠገብ ጉሙ ሣሩንና ድንጋዩን ሁልጊዜ ያረጥበዋል፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ሥር ተለጥፎ ሶሉን ልሙጥ ያደርገዋል። አባትዎ ምርኩዝ «ያረጀሁ ያስመስለኛል» ብለው እንዳይተዉት፣ ለወንድምዎም አንድ ያስይዙት።

ጀልባው ከቆመ ዘጌን ምረጡ። በጣና ላይ 1 ሰዓት ያህል በጀልባ ከሄዳችሁ በኋላ፣ ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሕፃኗ ጦጣ ስትፈልግ አባትዎ ያለ ኀፍረት ያርፋሉ። ወንድምዎ በዚያ ጊዜ በጫካው ውስጥ ወደሌሎቹ ገዳማት ዘልቆ ሊመለስ ይችላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ፤ በጉዟችሁ ላይ የሚታየው ክብራን ገብርኤል ግን ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ለእኅትዎ ቀደም ብለው ይንገሯት። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚናወጥ፣ ከባለ ጀልባው ጋር የምትመለሱበትን ሰዓት ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አመሻሹ ላይ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። አባትዎ ሽቅብ ሲሄዱ ሳያቋርጡ ማውራት ከቻሉ ለጢስ ዓባይ አጭሩ መንገድ አያሰጋቸውም፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ከኮረብታው በመኪና መውረድ ይቻላል፣ ዕቅዱንም ወደ ዘጌ ማዞር ነው። እኅትዎ ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ ከፍታው አያስቸግራትም፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ ከለመደችው ይልቅ ዝቅ ይላል። የሚያደክማት ፀሐዩ ነው። ባርኔጣና በቂ ውሃ ይዛችሁ በማለዳ ተነሱ።

የወንድምዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ የሚገኝ ተራራ ስለሆነ ከባሕር ዳር ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለአዛውንትና ለሕፃን የሚሆን አይደለም። እኅትዎ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ፣ ደብረ ታቦር አድሮ በማለዳ ከጓደኞቹ ጋር ይውጣው።