«10 ሰከንድ» የሚለው መልስ ጠያቂዎቹን ለምን አላረካቸውም?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን፣ ለሶፍትዌር መሐንዲስነት በቀረቡበት ቃለ መጠይቅ «አንድ ፕሮግራም ሥራውን በ10 ሰከንድ ቢጨርስ ምን ያህል የፕሮሰሰር ጊዜ ተጠቅሟል?» ተብለው «10 ሰከንድ» ብለው መልሰዋል፤ ጠያቂዎቹም ምንም ሳይሉ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈዋል። ስህተትዎ ምን እንደነበረና ለወደፊቱ እንዴት እንደሚዘጋጁ ጠይቀውናል።

ትክክለኛው መልስ «ሳይለካ አይታወቅም» የሚል ነበር። የፕሮሰሰር ጊዜ ማለት ፕሮሰሰሩ ለዚያ ፕሮግራም በእርግጥ የሠራበት ጊዜ ነው። ፕሮግራም ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ መረጃ እስኪደርሰው ሲጠብቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ ስለሚሰጠው፣ የጥበቃው ጊዜ በሰዓት ቢቆጠርም በፕሮሰሰር ሒሳቡ ላይ አይገባም። በሊኑክስ ላይ «ታይም» የሚለውን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ስም አስቀድመው ቢጽፉ ሦስት ቁጥሮች ያገኛሉ፦ «ሪል» ከመነሻ እስከ መጨረሻ ያለፈው ጊዜ፣ «ዩዘር» ፕሮሰሰሩ የፕሮግራሙን የራሱን ኮድ ያስኬደበት፣ «ሲስ» ደግሞ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለፕሮግራሙ ሲል የሠራበት ነው። ሪል 10፣ ዩዘር 1.2፣ ሲስ 0.3 ሆኖ ቢወጣ ፕሮሰሰሩ የሠራው 1.5 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኮዱን ለማፍጠን ሳምንታት ማባከን ከንቱ ድካም ነው፤ መመርመር ያለበት ፕሮግራሙ ምን ሲጠብቅ እንደቆየ ነው። በተቃራኒው አራት ኮሮችን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎችን) ለ10 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ የያዘ ፕሮግራም ወደ 40 ሰከንድ የሚጠጋ የፕሮሰሰር ጊዜ ያስመዘግባል።

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሲለካ ግን ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን ከሚያሳዩት የሊኑክስ ትእዛዞች መካከል «ፒኤስ» የሚያሳየው የፕሮሰሰር መቶኛ ፕሮግራሙ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ሲሆን፣ «ቶፕ» የሚያሳየው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች የሆነውን ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ሥራ ቆይቶ ከአንድ ደቂቃ በፊት ፕሮሰሰሩን ማስጨነቅ የጀመረ ፕሮግራም በመጀመሪያው ሲታይ ሰላማዊ፣ በሁለተኛው ሲታይ 100 በመቶ የያዘ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት በቃለ መጠይቅ ላይ በራስዎ አንደበት ማስረዳት ከቻሉ፣ የመሣሪያዎችን ስም ከመደርደር እጅግ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዝግጅት ሁለት ትናንሽ ፕሮግራሞችን በፓይተን ይጻፉ፤ አንዱ ሚሊዮን ቁጥሮችን ደጋግሞ የሚደረድር፣ ሌላው 10 ሰከንድ ተኝቶ የሚነቃ ይሁን። ሁለቱንም በ«ታይም» ይለኩ፤ ከዚያም በፓይተን ውስጥ ያለውን «ፕሮሰስ ታይም» የተባለ ተግባር ተጠቅመው ውጤቱን ያመሳክሩ። አንድ ጊዜ ለክተው አይርኩ፤ በተለይ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም በሁለተኛው ዙር መረጃውን ከዲስክ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ስለሚያገኝ ሊፈጥን ይችላል። ይህን ከለመዱ በኋላ ጊዜው በየትኛው ተግባር ላይ እንዳለቀ ናሙና እየወሰደ የሚያሳየውን «ፐርፍ» የተባለ የሊኑክስ መሣሪያ ይጀምሩ።

በሥራ ማመልከቻዎ ላይም «የአፈጻጸም ልኬት አውቃለሁ» ከማለት ይልቅ፣ የትኛውን ፕሮግራም እንደለኩ፣ ዩዘርና ሲስ ስንት እንደነበሩ፣ ምን እንደለወጡና ከለውጡ በኋላ ስንት እንደሆኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።