ራስ ሆኜ የምገባው መቼ ነው?

ልጆቼ፣ ታሪካዊ ድራማ ልትጽፉ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። እኔ ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ቲያትር አዘጋጅቻለሁ። ካጠፋሁት ልጀምርላችሁ።

ቡድናችን ውስጥ አንድ ጥቁር ልጅ ነበር፤ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ። ድርሰቱ ውስጥ ባሪያ ካለ ሳይነበብ የእሱ ነው። የራስና የደጃዝማች ሚና ለቀያዮቹ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ የእጅ ውኃ ማስታጠቢያውን እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ እኔ ራስ ሆኜ የምገባው መቼ ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ በፈረንጅ ድራማ ጥቁር ተዋናይ ልዑል ሆነ ብላችሁ ስትጨቃጨቁ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። መኳንንቱ ሁሉ ቀይ ነበሩ ያለን ማን ነው? አፄ ምኒልክን ራሳቸውን በፎቶ እዩዋቸው።

ባሪያውን አውጡት አላልኩም። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የድሮ ጌታ ቤት ያለ ባሪያ ከጻፋችሁ ዋሽታችኋል። ግን ስም ስጡት። ከየት ተነጥቆ እንደመጣ፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያወራ እወቁ። እኛ የሰጠነው «እሺ ጌታዬ» ብቻ ነበር።

ሴቶቹን ደግሞ አስለቀስናቸው። ንግሥት ወርቂትን እንኳ! እዚሁ ወሎ፣ አገር የገዙ ሴት ናቸው። ልጃቸው አመዴ መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከዚያው ከመቅደላ አምልጦ እሳቸው ዘንድ ገባ። እስቲ አስቡት። የሰው ልጅ በእጃቸው፣ የራሳቸው ልጅ በሰው እጅ። ለቴዎድሮስ ይስጡት? ወይስ ወደ ሸዋ ያሳልፉት? ምኒልክ ሸዋ ገባ፤ አመዴ ተገደለ። የዚያ ድንኳን ሌሊት ብቻውን አንድ ሙሉ ቲያትር ነው። እኛ ግን ሌሊቱን ዘለልነውና መርዶውን አሳየን። ተዋናይቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ መጋረጃ ወረደ። ጭብጨባው አይጣል ነበር፤ ለዚህ ነው ስህተቴን ለማየት ዓመታት የፈጀብኝ። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነንም ካሳን፣ የኋላውን አፄ ቴዎድሮስን፣ ሊወጉ ራሳቸው ዘምተው የተማረኩ ናቸው፤ እሳቸውን ጭራሽ አልነካናቸውም።

ደግሞ ወርቂትን የዛሬ አክቲቪስት እንዳታደርጓቸው። ጌታ ነበሩ፤ ገበሬው ገብሮላቸዋል፣ ቤታቸውም ባሪያ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ብሆን ያን ሌሊት የምጀምረው ከድንኳኑ ጥግ ነው፤ ቡና ከምታፈላው ልጅ። ሁሉን ትሰማለች፤ ማንም አያያትም።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ላኩልኝ። ራስ የሚሆን ሰው ካጣችሁ ደግሞ አብሽሩ፣ ኮምቦልቻ አንድ ሰው አውቃለሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው።